የመራጭ ዕዳ

መምረጥ ከሰው ልጅ የዘወትር ተግባራት አንዱ ነው። ገበሬው ከአዝመራው መካከል ለዘር የሚሆነውን ይለያል፤ የቤት እመቤቷ ከዚያው እህል ለቆሎ የሚሆነውን ታነሣለች። ሁለቱም «ምርጥ» የሚሉት ከአንድ ጎተራ የወጣ ቢሆንም መለኪያቸው ለየቅል ነው። ለቆሎ የሚመረጠው ዛሬ ለጥርስ የሚስማማው ሲሆን፣ ለዘር የሚመረጠው ነገ አፈር ገብቶ የሚያፈራው ነው። ገበሬውም የቤት እመቤቷም አልተሳሳቱም። ስሕተት የሚመጣው ለቆሎ የተመረጠው «ይህ ዘር ነው» ተብሎ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ነው።

ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት ወደ ኪነ ጥበብ ዓለም ሲሻገር ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። አንድ ድምፃዊ በሕይወት ዘመኑ ከሠራቸው ብዙ ዘፈኖች ጥቂቱ ተለቅመው «ምርጥ ሥራዎች» በሚል ርእስ ሲታተሙ መራጩ ማን ነው? የሚመርጠውስ በምን መለኪያና ለማን ጥቅም ነው? ከሁሉም በላይ፣ በስብስቡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዘፈን የድምፃዊው እውነተኛ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ስብስቡ በጠቅላላው ስለ ድምፃዊው ሐሰት ሊናገር ይችላልን?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከጃማይካዊው ድምፃዊ ከቦብ ማርሌ የምርጥ ሥራዎች ስብስብ የበለጠ ተስማሚ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ስብስቡ «ሌጀንድ» ይባላል፤ «አፈ ታሪክ» ወይም «ስመ ገናና» እንደ ማለት ነው። የወጣው ማርሌ በ36 ዓመቱ በካንሰር ሕመም ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ወር 1984 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስብስቡ በወጣበት ዓመት በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ለ12 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። በአሜሪካ ብቻ ከ15 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሰራጨቱ በይፋ ተመስክሮለታል። ከሬጌ ሙዚቃ አልበሞች መካከል በሽያጭ የሚስተካከለው የለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ቦብ ማርሌን ዐውቃለሁ» የሚል ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው በዚህ ስብስብ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስብስቡ እንዴት እንደ ተሰናዳ የታወቀ ነው። የማርሌን ሥራዎች ያሳትም የነበረው፣ ክሪስ ብላክዌል የመሠረተው አይላንድ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በዚያን ጊዜ የሚመራው በዴቭ ሮቢንሰን ነበር። ሮቢንሰን ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኞች ሳይደብቅ እንዳስረዳው፣ ዘፈኖቹን ከመምረጡ በፊት የገበያ ጥናት አስደርጓል። ከጥናቱም የተረዳው በብሪታንያ የሚኖረው ነጭ አድማጭ የማርሌን ዜማ እንደሚወድ፣ ሰውየውን ግን እንደሚፈራ ነው። ጕንጕን ጠጕሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ቍጣውና ስለ ጥቁር ሕዝብ የሚናገረው ቃል ይህን አድማጭ ያርቁት ነበር። ስለዚህ ምርጫው አድማጩን በማያስደነግጥ መንገድ ተከናወነ። ለሽፋኑም በሐሳብ የተመሰጠ ረጋ ያለ ፊት የሚታይበት ፎቶግራፍ ተመረጠ። «አንድ ፍቅር» (ዋን ላቭ) ለተባለው ዘፈን በተሠራው ፊልምም እንግሊዛዊው ድምፃዊ ፖል ማካርትኒ ብቅ ብሎ እንዲታይ ተደረገ።

ውጤቱ በቍጥር ሊታይ ይችላል። ስብስቡ በመጀመሪያ ሲታተም የያዘው 14 ዘፈኖችን ነው። ከነዚህ 5ቱ በ1977 ከወጣው «ኤክሶደስ» ከተባለው አልበም የተወሰዱ ሲሆኑ የቀሩት ከሌሎች አልበሞች አንድ አንድና ሁለት ሁለት ሆነው የተለቀሙ ናቸው። በ1976 ከወጣው «ራስታማን ቫይብሬሽን» እና በ1979 ከወጣው «ሰርቫይቫል» ግን አንድም ዘፈን አልተወሰደም።

ከነዚህ ሁለት አልበሞች አንድም ዘፈን አለመወሰዱ ምን እንዳስቀረ ማየት ያስፈልጋል። «ጦርነት» (ዋር) የሚባለው ዘፈን የሚገኘው በ1976ቱ አልበም ውስጥ ነው። የዘፈኑ ግጥም በአብዛኛው የተወሰደው የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት ወር 1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካሰሙት ንግግር ነው። ሐሳቡም አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ እስካልተወገደ ድረስ ሰላም የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም የሚል ነው። ከመንግሥታት መድረክ የተሰማ የዲፕሎማሲ ንግግር ቃሉ ብዙም ሳይለወጥ የጎዳና ዘፈን መሆኑ በኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ክሥተት ነው። ማርሌ በታኅሣሥ ወር 1976 ኪንግስተን በሚገኘው ቤቱ ውስጥ በጥይት ከቈሰለ ከሁለት ቀን በኋላ ቍስሉን ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ የዘፈነው ይህንኑ ነበር።

«ሰርቫይቫል» ደግሞ ከሽፋኑ ጀምሮ ግልጽ ነው። ሽፋኑን የሞሉት የአፍሪካ አገሮች ሰንደቅ ዓላማዎች ናቸው፤ ከአልበሙ ስም ጀርባ የሚታየው ሥዕል ባሪያዎች እንደ ዕቃ ተደርድረው የሚጫኑበት መርከብ ንድፍ ነው። በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች መካከል ስለ አፍሪካ አንድነት የሚናገረውና «ዚምባብዌ» የተባለው ይገኙበታል። በሚያዝያ ወር 1980 ዚምባብዌ ነፃነቷን ባወጀችበት ሌሊት ማርሌ ሩፋሮ በተባለው ስታዲየም ተገኝቶ ዘፍኗል፤ የሙዚቃ መሣሪያውን ማጓጓዣ የከፈለውም ከራሱ ኪስ ነበር። ወደ ስታዲየሙ ለመግባት የተጋፋውን ሕዝብ ለመበተን ፖሊስ የተኰሰው አስለቃሽ ጭስ መድረኩ ድረስ ደርሶ ዝግጅቱን እስከ ማቋረጥ አድርሶት ነበር። አንድ ድምፃዊ ለአንድ አገር ነፃነት የሠራው ዘፈን በዚያች አገር የልደት ሌሊት ሲዘፈን ማየት ለማንኛውም ከያኒ ከሽልማት ሁሉ የበለጠ ሽልማት ነው። ስለ «ምርጥ» ሥራዎቹ በሚናገረው ስብስብ ውስጥ ግን ይህ ዘፈን የለም።

ዘመኑንም ማስተዋል ይገባል። ስብስቡ በወጣበት በ1984 የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት ገና አልፈረሰም፤ ኔልሰን ማንዴላም በእስር ላይ ነበሩ። ስለዚህ «ጦርነት» ጊዜው አልፎበት የተተወ ዘፈን ነው ለማለት አይቻልም። ዘፈኑ የሚናገረው ነገር በየዕለቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣ በነበረበት ጊዜ ነው የተተወው።

ይሁንና ፍርድ ከመስጠት በፊት የተከሳሹን ቃል መስማት ተገቢ ነው። ለስብስቡ የሚቀርበው መከላከያ ደካማ አይደለም።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ማንም ሰው የማርሌን ድምፅ አስመስሎ የሐሰት ዘፈን አልጨመረም። የፍቅር ዘፈኖቹ የራሱ ናቸው። ሰውየው ስለ ነፃነት የዘፈነውን ያህል ስለ ሴት ናፍቆት፣ በጎረቤት ጓሮ ውስጥ ተቀምጦ እሳት ስለ መሞቅ፣ ስለ ማለዳ ወፎችም ዘፍኗል። ታጋይ የሆነ ከያኒ ፍቅር አይነካካውም ማለት ራሱ ሌላ ሐሰት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከ14ቱ ዘፈኖች 10ሩ ቀድሞውኑ በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 40 ተርታ የገቡ ነበሩ፤ ስለዚህ የመረጠው ኩባንያው ሳይሆን ሕዝቡ ነው ሊባል ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ፣ የትግል ዘፈኖች ፈጽሞ አልጠፉም፤ ማርሌ ከፒተር ቶሽ ጋር የደረሰው «ተነሥ፣ ቁም» (ጌት አፕ ስታንድ አፕ) አለ፤ «የቤዛነት ዝማሬ» (ሪደምሽን ሶንግ) አለ። በመጨረሻም ከሁሉ የሚከብደው መከላከያ ይህ ነው፤ በዚህ ስብስብ በኩል ባይገባ ኖሮ ወደ ማርሌ ሥራዎች ጨርሶ የማይደርስ አድማጭ በሚሊዮን ይቈጠራል። ከገቡትም መካከል ወደ ውስጥ ዘልቀው «ጦርነት»ን ያገኙ ብዙዎች ናቸው። በርን የሠራ ሰው ቤቱን አፍርሷል ተብሎ ሊከሰስ አይችልም።

ሌላም ሊታለፍ የማይገባ ነጥብ አለ። ማርሌ ራሱ ሥራውን ለሰፊ አድማጭ ለማድረስ ሲል ለውጥ የመቀበል ልምድ ነበረው። በ1973 የወጣው «ካች ኤ ፋየር» የተባለው አልበም ኪንግስተን ውስጥ ከተቀረጸ በኋላ ለንደን ውስጥ የሮክ ጊታርና ሌላ ድምፅ ተጨምሮበታል። ይህም የተደረገው የምዕራቡን አድማጭ ጆሮ ለመሳብ ነው፤ ማርሌም ይህን ያውቅ ነበር። እንግዲህ ለገበያ ሲባል ሥራን ማለስለስ ክሕደት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ከክሱ አያመልጥም ማለት ነው።

ይህ መከላከያ በጥሞና ሲታይ ግን ዋናው ልዩነት ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ማርሌ በ1978 «ካያ» የተባለውን አልበም ባወጣ ጊዜ ሥራው ለስልሷል፣ ትግሉን ትቷል የሚል ወቀሳ ደርሶበት ነበር። መልሱን የሰጠው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ መልሱም «ሰርቫይቫል» ሆነ። በሕይወት ያለ ከያኒ ዛሬ ቢለሰልስ ነገ ሊመር ይችላል። አንዱን ሥራ የሚያርመው፣ የሚያሟላው፣ አንዳንዴም የሚክደው ሌላው ሥራው ነው። የአንድ ከያኒ እውነት የሚገኘው በአንዱ ዘፈን ውስጥ ሳይሆን ዘፈኖቹ እርስ በርሳቸው በሚያካሂዱት ክርክር ውስጥ ነው። የሞተ ከያኒ ግን የሚቀጥለው ዓመት አልበም የለውም። ከሞተ በኋላ የሚወጣ የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ስለ እርሱ የሚነገር የመጨረሻ ቃል ይሆናል፤ ያንን ቃል የሚናገረው ደግሞ እርሱ አይደለም። ስብስቡ ከ«ካያ» ሁለት ዘፈኖችን ወስዶ ከ«ሰርቫይቫል» ምንም ሳይወስድ ሲቀር ወቀሳውን አስቀርቶ መልሱን ሰርዟል ማለት ነው። መልስ ሊሰጥ የማይችልን ሰው መልስ መሰረዝ ደግሞ ከተራ የንግድ ውሳኔ ያለፈ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

ሕዝቡ ነው የመረጠው የሚለውም ክርክር ምርመራ ያስፈልገዋል። የትኛው ሕዝብ? ቍጥሩ የተሰበሰበው ከብሪታንያ የሸክላ መሸጫ ሱቆች ነው። የነፃነት ሌሊት በሩፋሮ ስታዲየም የቆመው ሕዝብ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አልተቈጠረም። የሶዌቶ ወጣት፣ የኪንግስተን ሥራ አጥ አልተቈጠሩም። ቆጠራው በእነርሱ መካከል ቢደረግ ኖሮ ዝርዝሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ስለዚህ ቍጥር ገለልተኛ ዳኛ አይደለም፤ ማን እንደ ተቈጠረ ሳይነገር የቀረበ ቍጥር የመራጩን ማንነት የሚሸፍን መጋረጃ ነው። ከዚህም በላይ፣ ቀድሞ የወደደውን ብቻ መልሶ የሚቀበል አድማጭ በእጁ የያዘው መስተዋት ነው፤ በውስጡ የሚያየው ከያኒውን ሳይሆን የራሱን ፊት ነው።

የትግሉ ዘፈኖችም ተካትተዋል የሚለው መከላከያ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ የአንድ ሥራ ትርጉም ከጎረቤቱ ይወለዳልና። ይህን ግጥም የሚያስተምር መምህር ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ግጥም ከሐዘን ግጥሞች መካከል ሲነበብና ከሰርግ ግጥሞች መካከል ሲነበብ አንድ አይደለም። «የቤዛነት ዝማሬ» ማርሌ በሕይወት ሳለ በ1980 ያወጣው የመጨረሻ አልበም የመጨረሻ ዘፈን ነው። ሙሉው የሙዚቃ ጓድ ዝም ብሎ አንድ ሰው በአንድ ጊታር ብቻ ይዘፍነዋል። ካለቀ በኋላ የሚሰማው ዝምታ የዘፈኑ አካል ነው። የዘፈኑ እምብርት የሆነው ሐሳብ፣ ማለትም ሰው አእምሮውን ከባርነት ነፃ ማውጣት የሚችለው ራሱ ብቻ ነው የሚለው፣ ማርከስ ጋርቪ በ1937 በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ምኒልክ አዳራሽ በተባለ ቦታ ካደረገው ንግግር የመጣ ነው። በስብስቡ ውስጥ ግን ይህ ዘፈን ሲያበቃ ዝምታው አልተጠበቀም፤ ወዲያውኑ የሥጋና የነፍስ ደስታን የሚያወሳ የፍቅር ዘፈን ይከተለዋል። «ተነሥ፣ ቁም» ካለቀ በኋላም የሚመጣው እንዲሁ የፍቅር ዘፈን ነው። የትግሉ ዘፈን አልተከለከለም፤ የተጠራው ግን እንደ ክብር እንግዳ ሆኖ ትንሽ ተናግሮ እንዲቀመጥ ነው።

በኢትዮጵያ ባህል ሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው። ሙትን ማለስለስስ? የለቅሶ ሥርዓት ለዚህ መልስ አለው። አልቃሽ ከሟቹ ሕይወት መርጣ ታወሳለች፤ ጀግንነቱን፣ ቸርነቱን፣ የሰው ፍቅሩን ታነሣለች፤ ሁሉን መናገር አይጠበቅባትም። ነገር ግን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ሟቹን ያውቁታል። ፈሪውን ጀግና፣ ቈጣውን የዋህ ብትለው አንገቱን የሚደፋ፣ በነጠላው ጫፍ ፈገግታውን የሚሸፍን አይጠፋም። የአልቃሿን ምርጫ የሚቈጣጠረው የሚያውቀው ሰው መኖሩ ነው። በገበያ ላይ የሚወጣ ስብስብ ግን የሚናገረው ሟቹን ለማያውቅ አድማጭ ነው። አድማጩ የጎደለውን ሊያውቅ አይችልም፤ ያልሰማውን ዘፈን ሊናፍቅ አይችልም። ስለዚህ ከአልቃሿ ይልቅ የስብስብ አዘጋጅ ዕዳ ይከብዳል፤ ዳኛ በሌለበት ይናገራልና።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማርሌ በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቷል፤ የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች ወደሚኖሩበት ወደ ሻሸመኔም ሄዷል። በየካቲት ወር 2005፣ በ60ኛው የልደት ቀኑ፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ መታሰቢያው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎለታል። በዚያች ከተማ በካፌና በታክሲ ውስጥ ድምፁ የማይሰማበት ቀን የለም። ሆኖም በኢትዮጵያም ቢሆን አብዛኛው ወጣት ሰውየውን የሚያውቀው በስብስቡ በኩል ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ምጸት አለበት፤ ከኢትዮጵያ ወጥቶ በኒው ዮርክና በኪንግስተን አልፎ ዓለምን የዞረው ቃል፣ «ምርጥ ሥራዎቹ» በሚል ስም ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ በጉዞው ላይ ቀርቷል።

የኢትዮጵያ ሙዚቃም በተራው የተመራጭነት ዕጣ ደርሶታል። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ የሚያሳትማቸው ተከታታይ ስብስቦች የእነ ማሕሙድ አህመድን፣ የእነ ዓለማየሁ እሸቴን፣ የእነ ጥላሁን ገሠሠንና የእነ ሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ለዓለም አሰምተዋል። ይህም ምርጫ ነው፤ ምርጫም ስለሆነ የሚተወው አለው። ትኵረቱ በአብዛኛው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ በሸክላ በወጡት ሥራዎች ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ለውጭው አድማጭ ባዶ ሆኖ ይታየዋል። አማርኛ የማይሰማው አድማጭም ከቃሉ ይልቅ ነፋሽ መሣሪያውን ይወዳል፤ በ2005 የወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን የመሣሪያ ሙዚቃ ለብዙዎች ካስተዋወቀ በኋላ ይህ ዝንባሌ በርትቷል። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የዘፈን ግማሽ አካል የሆነው ግጥም በዚህ መንገድ ወደ ጎን ይቀራል።

በሁለቱ ስብስቦች መካከል ያለው ልዩነት ግን ትምህርት ይሰጣል። የ«ኢትዮፒክስ» መራጭ ስሙ ይታወቃል፤ ከየስብስቡ ጋር በሚወጣው መጽሔት ውስጥ ዘመኑን፣ አሳታሚዎቹን፣ ሙዚቀኞቹን እየጠቀሰ ለምን እንደ መረጠ ይጽፋል። መለኪያው የታወቀ ስለሆነም ሊሞገት ይችላል፤ ተሞግቷልም። ዘመኑን አጥብበሃል፣ ይህን ትተሃል የሚሉት ሰዎች የሚከራከሩት በስም ከሚያውቁት ሰው ጋር ነው። በ«ሌጀንድ» የመጀመሪያ ሕትመት ዘመን ግን ገዢው የገበያ ጥናቱን አልሰማም። እጁ ላይ የደረሰው «ምርጥ» የሚል ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ማን ለምን እንደ መረጠ የሚነገርበትን ቦታ ሁሉ ሸፍኖ ተቀምጧል። ጥፋቱ ለስላሳ ዘፈኖችን መምረጡ ላይ አልነበረም። «በብሪታንያ ተወዳጅ የሆኑ የቦብ ማርሌ ዘፈኖች» ቢባል ኖሮ እያንዳንዱ ቃል እውነት በሆነ ነበር። ምናልባት ሽያጩ ያነሰ ይሆን ነበር፤ የእውነት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ትንሽ ልዩነት ይከፈላል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የመራጭ ዕዳ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው፣ መራጩ ራሱንና መለኪያውን መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ለአድማጭ የማይመቸውን ነገር፣ ቢያንስ አንዱን፣ በሙሉ ክብሩ ማኖር ነው፤ የማይመቸው ሥራ ብዙ ጊዜ የከያኒው አከርካሪ ነውና። ሦስተኛው፣ ስብስቡ ሙሉውን ሥራ የሚተካ ሳይሆን ወደ ሙሉው ሥራ የሚመራ መሆኑን ማሳየት ነው። የተሠራው በር ወደ ቤቱ የሚያስገባ እንጂ ቤቱን የሚደብቅ መሆን የለበትም።

ይህ ዕዳ የሙዚቃ ነጋዴ ዕዳ ብቻ አይደለም። ለመማሪያ መጽሐፍ ከአንድ ባለቅኔ ሥራዎች ሁለት ግጥም የሚመርጥ መምህር መራጭ ነው፤ ተማሪው ዕድሜ ልኩን ባለቅኔውን የሚያውቀው በነዚያ ሁለት ግጥሞች ሊሆን ይችላልና። ለበዓል መድረክ የትኛው ተውኔት እንደሚቀርብ የሚወስን የባህል ሠራተኛ መራጭ ነው። ከሟች ጓደኛው ማስታወሻ ውስጥ የሚታተመውን የሚለይ ደራሲም መራጭ ነው። እያንዳንዳቸው ለስላሳውን አስቀርተው ሻካራውን ሲተዉ፣ ወይም በተቃራኒው የትግሉን ጩኸት ብቻ ይዘው ፍቅሩንና ሳቁን ሲጥሉ፣ ከሟቹ ይልቅ የራሳቸውን ወይም የጊዜያቸውን ምቾት እያገለገሉ ይሆናል። ማርሌን የቍጣ ሰው ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ሌላ ስብስብ ቢዘጋጅ ያም እንደዚሁ ጎዶሎ በሆነ ነበር።

አድማጩም ከዕዳው ነፃ አይደለም። «ምርጥ» የሚል ጽሑፍ ባየ ጊዜ ለማን ነው፣ ማን ነው ያለው፣ የተተወውስ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጥያቄው ደስታውን አይቀንስበትም። የፍቅር ዘፈኖቹን እየወደደ ወደ «ሰርቫይቫል» የሚሻገር አድማጭ የሚያገኘው ሌላ ሰው ሳይሆን ያንኑ ሰው ነው፤ ግን በዚህ ጊዜ ሙሉ ቁመናውን ያያል። ያኔ «አንድ ፍቅር» የሚለውም ዘፈን ይለወጥበታል፤ በጥይት ተመትቶ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ስለ ፍቅር ሲዘፍን ምን ማለቱ እንደ ሆነ ይገባዋል።

«ጦርነት» የተባለው ዘፈን በስብስቡ ውስጥ ባለመግባቱ አልሞተም። በ1976ቱ ሸክላ ላይ እንደ ተቀረጸ አለ፤ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። በመተዉ የተጎዳው ዘፈኑ ሳይሆን፣ የተሰጠውን ምርጥ ይዞ የቀረ ነገር መኖሩን ሳያውቅ የኖረው አድማጭ ነው።